በብረት የተቀረጸው ወረቀት

የብር ኖት በእጁ የያዘ ሰው ሁሉ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ የአንድ ቀራጭ ሥራ ይዟል። ማተሚያው ከመዞሩና ቀለሙ ከመፍሰሱ አስቀድሞ አንድ ሰው በአጉሊ መነጽር ሥር አጐንብሶ፣ ከፀጉር የቀጠነ መሥመር በብረት ሰሌዳ ላይ ሲያወርድ ብዙ ሳምንታት አሳልፏል፤ የዚያም ሰው ስም በኖቱ ላይ አይጻፍም። የዚህ ጥበብ ታሪክ በአገራችን ጥንታዊ ሲሆን፣ በኋለኛው ዘመን ግን በአመዛኙ በባዕድ እጅ የተፈጸመ ነው። እንዲህም ሆኖ ቀራጩ በፓሪስም ይሁን በእንግሊዝ አገር ተቀምጦ የሠራውን ሥራ መርምሮ የሚቀበለው ወይም የሚመልሰው የገዛ ገበያችን ነበር። ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ አጕልቶ የሚያሳየው፣ ከዋና ከተማ ርቆ፣ ከባንክ መስኮት ተለይቶ የኖረ ገበያ ስለሆነ፣ ትረካውን ከዋግ አገር፣ ከሰቆጣና ከፃግብጂ ደጋ ሳልርቅ ለማካሄድ አስባለሁ።

መነሻው አክሱም ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅና የብር ገንዘብ ሲያስመታ፣ በዚያ ዘመን የራሱን ገንዘብ በወርቅ ለማስመታት ከበቁት ጥቂት መንግሥታት መካከል አክሱምን አስቈጠራት። የአክሱም ቀራጭ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም በማይበልጥ ስፍራ ላይ የንጉሡን መልክ፣ በግራና በቀኝ የእህል ዘለላ፣ በዙሪያውም ጽሕፈት አድርጎ በብረት ማኅተም ላይ ገልብጦ ይቀርጽ ነበር። ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በንጉሡ ራስ ላይ የነበሩት ጨረቃና ክብ ምልክት ተነሥተው መስቀል ተተካ። በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ገንዘቦች ላይ ደግሞ መስቀሉ ወይም የንጉሡ ራስ ያለበት ስፍራ በእጅ ወርቅ ተለብጦ ይገኛል፤ ይህን ያህል ድካም በሚጠይቅ አኳኋን ገንዘቡን ያስጌጠ መንግሥት በዚያ ዘመን ሌላ እምብዛም አይታይም። ከመዳብ ገንዘቦቹ በአንዱ ወገን በጽርእ ቋንቋ የተቀረጸው ቃል፣ ገንዘቡ አገሩን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ነው። ንጉሥ ገንዘቡን በኀይል ማስቀበል ሲቻለው ሕዝቡ ይወደው ዘንድ መለመኑ፣ የገንዘብ ክብር ከማን እንደሚገኝ አበው አስቀድመው ያወቁት መሆኑን ያስረዳል።

በሰባተኛው መቶ ዓመት የአክሱም ገንዘብ መመታቱ ቀረ። ከዚያ በኋላ ከሺህ ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ነገሥታት በስማቸው ገንዘብ አላስመቱም፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ደጋውና ቆላው ይገበያይ የነበረው በእህል፣ በሸማ፣ በወርቅ ሚዛን፣ ከሁሉም ይልቅ በአሞሌ ነበር። ጨው ከአፋር ቆላ፣ ከአርሆ እየተቆረጠ በግመል ተጭኖ ወደ ትግራይ ዳገት ይወጣል፤ ከዚያም በበቅሎና በአህያ እየተጋዘ፣ አንዱ ወገን በአበርገሌ በኩል ወደ ዋግ ይዘልቃል። ሰቆጣ በዚህ መንገድ ላይ የተቀመጠች በመሆንዋ ስመ ጥሩ የጨው ገበያ ነበረች፤ ከዓድዋ ጦርነት በኋላ በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ አውግስጦስ ዋይልድም ገበያዋን በመጽሐፉ አንሥቷል። አሞሌው እንዳይሰበር በልጥ ይታሰራል፤ ዝናም ካገኘው ይሟሟል፤ ጫፉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ደግሞ ዋጋው እየከበደ ይሄዳል፤ ስለዚህ በሰቆጣ ያለ ነጋዴ በአንድ ብር የሚያገኘው አሞሌ፣ በጎንደር ወይም በሸዋ ያለው ከሚያገኘው የበዛ ነበር። የዋግ ሰው ገንዘብን በዐይንና በጣት መመርመር የተማረው በዚህ አሞሌ ላይ ነው፤ ጠርዙን ይዳስሳል፣ መጠኑን በስንዝር ይለካል፣ የተጠራጠረውንም በምላሱ ይቀምሳል።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በተከታዩ መቶ ዓመት ከቀይ ባሕር ወደብ እየዘለቀ አገሩን የሞላው ደግሞ የማርትሬዛ ብር ነው፤ ሕዝቡ ጠገራ ብር ይለው ነበር። የኦስትርያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ፣ ያው ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ሲመታ የኖረው ይህ ገንዘብ ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ጥሩ ብር ነው። ነገር ግን የአገራችን ሰው ሚዛኑን ብቻ አልተቀበለም። ቀራጩ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻዋ መርፌ ቊልፍ ላይ ያስቀመጣቸውን የሉል ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር፤ ነጠብጣቡ ያልጠራ፣ ፊቱ የተላጨ ወይም ከቀድሞው መልክ ጥቂት የተለየ ከሆነ፣ ብሩ ምንም ንጹሕ ቢሆን ይመልሰዋል። በዚህም ምክንያት የአውሮፓ ገንዘብ መቺዎች መልኩን ለማሻሻል ሳይደፍሩ የጥንቱን ቅርጽ ነጠብጣብ በነጠብጣብ እየቀዱ ለመኖር ተገደዱ። በቪየና የተቀመጠውን ቀራጭ እጅ የያዘው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይሆን፣ በእንዲህ ያለ ገበያ የቆመ ጨው ነጋዴ ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የዋግ ሹሞች ከዛጕዌ ነገሥታት የሚወርዱ በመሆናቸው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር የመቀመጥ መብት እንደ ነበራቸው ይተረካል። ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ሆነው መንግሥታቸው አለፈ። በሦስቱ ዓመት ንግሣቸውም ቢሆን በግምጃ ቤትና በገበያ የሚቆጠረው ማርትሬዛ ነበር።

በስሙ ገንዘብ የማስመታቱን ነገር ያነሣው ዳግማዊ ምኒልክ ነው። በ1885 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ እንዲወጣ ዐውጆ፣ ስዊሳዊው አማካሪው አልፍሬድ ኢልግ ጉዳዩን በአውሮፓ እንዲያስፈጽም ሆነ። የፓሪስ ገንዘብ ማተሚያ ቤት ዋና ቀራጭ ዣን ላግራንዥ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ዘውድ እንደ ደፋ፣ በሌላው ፊትም የይሁዳን አንበሳ ሰንደቅ እንደ ያዘ ቀረጸው፤ በብሩም ላይ 1887 የሚለው ዓመት በግዕዝ አኀዝ ተጻፈበት። በዚያው ወራት ኤዥን ሙሾን የተባለው ፈረንሳዊ ቀራጭ የመጀመሪያዎቹን የፖስታ ቴምብሮቻችንን ሠራ፤ በአነስተኛው ዋጋ ላይ የንጉሡ መልክ፣ በከፍተኛው ላይ አንበሳው ነበር። ለብሩ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን፣ ግርሽ፣ መሐለቅ የተባሉ ዝርዝሮች ወጡለት። ቅርጹ ያማረ ነው፤ በፓሪስ ከተቀረጹት የዚያ ዘመን ገንዘቦች ጋር ቢነጻጸር የሚያፍር አይደለም። ነገር ግን ገበያው፣ በተለይም የሰሜኑ ገበያ፣ ከማርትሬዛ አልተላቀቀም፤ የገዛ ንጉሡን መልክ ከማያውቃት የኦስትርያ ንግሥት አሳንሶ የተቀበለው ከንቀት የተነሣ አልነበረም፤ ለመቶ ዓመት ያህል ሲቆጥራቸው የኖሩትን የሉል ነጠብጣቦች በአዲሱ ብር ላይ ስላላገኛቸው ነው።

የወረቀት ገንዘብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገው ውል መሠረት የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በ1907 ዓ.ም. ገደማም የመጀመሪያዎቹን ኖቶች አወጣ። ኖቶቹን የሠራቸው ብራድበሪ ዊልኪንሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን፣ ይህ ድርጅት በብረት ላይ ቀርጾ በማተም በዓለም ከታወቁት አንዱ ነበር። እዚህ ላይ ትረካውን ጥቂት አቁሜ፣ አንድ ኖት እንዴት እንደሚወለድ ማሳየት ይገባኛል።

አስቀድሞ ሠዓሊው የኖቱን አምሳል በቀለም ሥሎ ላዘዘው ባንክ ያቀርባል፤ ታርሞ ሲመለስ ሥራው ለቀራጮች ይከፋፈላል። የሰው መልክ የሚቀርጸው፣ ፊደል የሚቀርጸው፣ እንስሳና ሕንፃ የሚቀርጸው እየራሳቸው ናቸው፤ ይህም ስለ ጥበቡ ጥራት ብቻ አይደለም፣ የብዙ ሰዎችን እጅ በአንድ እጁ ሊቀዳ የሚነሣ አስመሳይ እንዲቸገር ጭምር ነው። መልክ ቀራጩ ለስላሳ የተደረገውን የብረት ሰሌዳ በአሸዋ ከረጢት ወይም በጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ በመዳፉ የሚገፋውን ስለታም መቅረጫ ይዞ፣ ቀኙን ግራ አድርጎ ይሠራል። ጥላና ብርሃን የሚሰጠው በመሥመር ብቻ ነው። ለጉንጭ የፊቱን ቅርጽ ተከትለው የሚጎብጡ ቀጫጭን መሥመሮች ያወርዳል፤ ጥላው ሲጠነክር በእነርሱ ላይ ሌሎች መሥመሮች በአግድመት ያሳልፋል፤ በመሥመሮቹ መካከል በሚቀሩት ጥቃቅን አደባባዮች ውስጥ ነጥብ ያስቀምጣል፤ የዐይን ብሌን ዘንድ ሲደርስ ግን መቅረጫውን ጠልቆ እንዲገባ ያደርገዋል፤ የመልኩ ሕይወት በዚያ አለና። በብራና ላይ የተሳሳተ ጸሐፊ በቢላ ፍቆ ያርማል። በብረት ላይ የተሳሳተ ቀራጭ ግን ስፍራውን ፍቆ፣ ሰሌዳውን ከጀርባው ቀጥቅጦ አቅንቶ፣ እንደ ገና ይጀምራል።

ሥራው በእያንዳንዱ ደረጃ ሲደርስ ቀራጩ ሰሌዳውን ቀለም ቀብቶ ይጠርገዋል፤ በተቀረጹት መሥመሮች ውስጥ የቀረውን ቀለም በስስ ወረቀት ላይ በኀይል አስጨንቆ አንድ ቅጂ ያወጣል። የሙከራ ኅትመት የሚባለው ይህ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ የፊቱ ዙሪያና የልብሱ ጥለት ብቻ ይታያል፤ በሚከተለው ጉንጭና ግንባር ይሞላል፤ በመጨረሻው ጌጡ፣ ጥላው፣ የፀጉሩ እጥፋት ሁሉ ተሟልቶ ይወጣል። እነዚህን ተራ በተራ ደርድሮ የተመለከተ ሰው የቀራጩን ኅሊና ያነባል፤ የት እንደ ፈጠነ፣ የት እንደ ፈራ፣ የትኛውን መሥመር እንደ ተጸጸተበት ሁሉ ይታየዋል። በታተመ ሚሊዮን ኖት ላይ የማይገኘው ይህ ነው፤ በእኔ ግምት ከኖቱ ይልቅ ሙከራው የጥበቡ እውነተኛ መዝገብ ነው።

ሙከራው ሲጸድቅ ሰሌዳው በእሳት ይጠነክራል። ከዚያ በኋላ፣ አሜሪካዊው ያዕቆብ ፐርኪንስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባስፋፋው ዘዴ፣ ለስላሳ የብረት ጥቅል በከባድ ክብደት በሰሌዳው ላይ እየተንከባለለ ቅርጹን በጉብታ ይወስዳል፤ ጥቅሉም ጠንክሮ በትልቁ ማተሚያ ሰሌዳ ላይ ያንኑ መልክ ደጋግሞ ያሳርፋል። የአንድ እጅ ሥራ ያለ አንዳች ልዩነት የሚበዛው እንዲህ ነው። በጠርዙና በቊጥሩ ዙሪያ ያለውን፣ በብራና መጻሕፍታችን ራስጌ ላይ የሚሣለውን ሐረግ የሚመስል ጥልፍልፍ ግን የሰው እጅ አይሠራውም፤ በጥርስ ጎማዎች የሚዞር መሣሪያ ይስለዋል፤ ጎማዎቹ የተቀነባበሩበትን ልክ የማያውቅ ሰው መልሶ ሊያወጣው አይችልም። በመጨረሻ ተከታታይ ቊጥር ይታተማል፤ ለመዝገብ የሚቀሩት ቅጂዎች ዜሮ ቊጥር ተሰጥቷቸው፣ ናሙና ተብሎ ተጽፎባቸው፣ እንዳይመነዘሩ በመብሻ ይበሳሉ።

ለአገራችን ኖት ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበረበት፤ ፊደላችን ነው። የእንግሊዝ ፊደል ቀራጭ ላቲኑን ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ በግዕዝ ፊደል ግን የሚከተለው መሥመሩን ብቻ ነው። በሁለት ፊደላት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቅንጥብ፣ ወደ ቀኝ የወጣች አንዲት ቀለበት ወይም ያጠረች እግር በምትሆንበት ጽሕፈት፣ ቀራጩ መሥመሩን በጥቂቱ ቢያስረዝም ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። ስለዚህ የፊደሉ አምሳል በጥሩ እጅ ተጽፎ ካልተላከለት፣ ሙከራውም ፊደሉን በሚያውቅ ዐይን ካልተመረመረ፣ ንጹሕ አማርኛ በኖት ላይ ሊወጣ አይችልም። የእነዚያ ኖቶች ጽሕፈት ቀጥ ብሎ መነበቡ፣ ስማቸው ያልተመዘገበ የኢትዮጵያ ጸሐፍት በሥራው ውስጥ እጃቸው እንደ ነበረበት በቂ ምስክር ነው እላለሁ።

ኖቱ እንዲህ ተደክሞበት ቢመጣም በገጠር አልተወደደም። በላዩ የተጻፈው ተስፋ፣ ላመጣው ሁሉ በጥሬ ብር ይከፈላል የሚል ነበር፤ ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ባንኩ መስኮት ለመድረስ ግን ብዙ ቀን በበቅሎ መጓዝ ያስፈልጋል። ለዋግ ባላገር ወረቀቱ ቢቀመስ ጨው አይደለም፤ ቢወረወር አያቃጭልም፤ አይጥ ይበላዋል፤ እሳት ይፈጀዋል። ጠገራውን በማሰሮ አድርጎ ይቀብረዋል፤ ለልጁ ማጫ ይሰጠዋል፤ ሲሻውም ለብር ሠሪ ሰጥቶ መስቀልና አምባር ያሠራበታል። ይህን ሁሉ ለማያደርግ ወረቀት ልቡን አለመስጠቱ የድንቁርና ምልክት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የጥንቁቅ ነጋዴ ፍርድ ነው እላለሁ።

በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአቢሲኒያ ባንክን ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አሰኙት፤ የባንኩ አስተዳዳሪ ኮሊየር የተባለው የውጭ አገር ሰው ሲሆን፣ በ1924 እና በ1925 ዓ.ም. ላይ አዲሶቹ ኖቶች ወጡ። የቀረጸው ያው ብራድበሪ ዊልኪንሰን ነው። በአምስቱ ላይ ቀንዱ የተጠማዘዘ አጋዘን፣ በዐሥሩ ነብር፣ በአምሳው አንበሳ፣ በመቶው ዝሆን፣ በአምስት መቶው ጦረኛ ተቀረጸ፤ ሁለት ብር በሚለው አነስተኛ ኖት ላይ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ጎን ለጎን ታዩ። የአጋዘኑን ቀንድ ጠምዛዛ፣ የነብሩንም ጠቃጠቆ በመሥመር ብቻ ያወጣው እጅ ሊመሰገን ይገባዋል። እነዚህን ኖቶች ከገጠሩ ሰው ብዙው ሳያያቸው ዘመናቸው አለፈ።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት ገባ። ኢጣሊያ ሊሬዋን ልታስገባ ብትጥር፣ በኋላም ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቷ ልዩ ተከታታይ የሚል ጽሕፈት የታተመባቸውን ኖቶች ብታወጣ፣ ገበያው ጠገራውን አልለቀቀም፤ እርስዋም የማርትሬዛን መምቻ ከቪየና አስመጥታ በሮም ለማስመታት ተገደደች፤ እንግሊዞችም በበኩላቸው በለንደንና በቦምቤይ አስመቱ። ዋግ በዚህ ዘመን ደም ከፈለ። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በጠላት ላይ ተነሥተው ተዋግተው፣ በመስከረም 1930 ዓ.ም. ወደቁ፤ ጠላት አንገታቸውን ቈርጦ ራሳቸውን ለሕዝብ ማስፈራሪያ በአደባባይ አሳየ። የዚህን ሰማዕት መልክ በኖት ላይ ለመቅረጽ ያሰበ መንግሥት እስካሁን አልተገኘም።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ ሊሬና ማርትሬዛ ተደበላልቀው ሲሠራባቸው ቆዩ። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በሚያዝያ 1935 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ አሜሪካዊው ጆርጅ ብሎወርስ ገዢ በሆነበት ጊዜ፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን፣ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ታወጀ። የዚህ ጊዜ ሥራ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ኖቶቹን ሴኩሪቲ ባንክ ኖት ኩባንያ ቀረጸ፤ ሣንቲሞቹን የፊላደልፊያ ማተሚያ ቤት መታ። የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ለሣንቲሙ የቀረጸው ዋናው ቀራጭ ጆን ሲኖክ፣ አንበሳውን ደግሞ ጊልሮይ ሮበርትስ ሲሆን፣ ሁለቱም ኋላ የአገራቸውን የሩዝቬልትንና የኬኔዲን ሣንቲሞች የሠሩ ናቸው። አምሳ ሣንቲሙ ከብር ተመታ፤ ብሩም በጦርነቱ የብድርና የኪራይ ስምምነት ከአሜሪካ የተገኘ ነው። ይህም የሆነው በዘፈቀደ አይደለም፤ ወረቀት የሚፈራውን ባላገር ወደ ወረቀቱ የሚያሸጋግር ጥሬ ብር ያስፈልግ ስለነበረ ነው። በሣንቲሞቹ ላይ የተጻፈው 1936 የሚለው ዓመት ኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ሲመታ መኖሩም ሌላው አስደናቂ ነገር ነው፤ ባላገሩ የለመደውን መልክ መንካት እንደማይበጅ ማርትሬዛ ያስተማረችው ትምህርት ያልተረሳ ይመስላል።

በእነዚህ ኖቶች ሁሉ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ አለ፤ ከመልኩ ጎን ያሉት ሥዕሎች ግን ልብ ሊባሉ ይገባል። በአንድ ብሩ ላይ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ያርሳል። በአምስቱ ላይ ቀፎ የተሰቀለበት ግራር ቆሟል። በዐሥሩ ላይ የምኒልክ ሐውልት ያለበት አደባባይ፣ በአምስት መቶው ላይ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀረጸ። ጠቢባኑ ከአጋዘንና ከዝሆን ወደ ሞፈርና ወደ ቀፎ መመለሳቸው ማለፊያ ማስተዋል ነው። ዋግ የማር አገር ነው፤ ከፃግብጂ ወይም ከዝቋላ የመጣ ንብ አርቢ፣ ፊደል ባያውቅም፣ አምስት ብሩን አገላብጦ ሲያይ የሚያውቀውን ዛፍና የሚያውቀውን ቀፎ ያገኛል። የተቀረጸ ኖት ቀለም ከወረቀቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆማልና፣ አሞሌ የዳሰሰው፣ የሉል ነጠብጣብ የቆጠረው ያው አውራ ጣት አሁን የግራሩን ቅርንጫፍ ይዳስሳል። ወረቀቱ በዋግ ልብ ውስጥ በዐዋጅ ብቻ የገባ አይደለም፤ ዓመታት ፈጅቶ እየተዳሰሰ፣ ለግብር እየተከፈለ፣ ለጨውና ለማር እየተመነዘረ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጥኖ የሚነገር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በወጡት ኖቶች ላይ ቡና፣ የምጽዋ ወደብ፣ የአክሱም ሐውልት፣ የፋሲል ግንብ ተቀረጹ። ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ከቆመ በኋላ ባወጣቸው ኖቶች ደግሞ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የቆቃ ግድብ፣ በመቶው ላይም የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ታየ። ለዋግ ሰው ይህ የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነበር፤ የጎረቤቱ የላስታ፣ የዛጕዌም አባቶቹ ሥራ ከኖቶቹ ሁሉ በከበረው ላይ ተቀመጠለት። ከአንድ ዐለት የተፈለፈለን ቤተ ክርስቲያን በብረት ላይ ሲፈለፍል የዋለው ቀራጭ፣ ስሙን ከማናውቀው ከላስታ ጠራቢ ጋር በአንድ ሙያ መገናኘቱን አውቆት ይሆን?

አብዮቱ መጥቶ ደርግ ጥቅምት 4 ቀን 1969 ዓ.ም. አዲስ ኖት ሲያወጣ የንጉሥ መልክ ከገንዘባችን ጠፋ። በአንድ ብሩ ላይ ስም የሌለው ወጣት፣ በጀርባው ጢስ እሳት ፏፏቴ፤ በአምስቱ ላይ ቡና ለቃሚ፤ በዐሥሩ ላይ ሰፌድ የምትሰፋ ሴት፤ በአምሳው ላይ ተማሪዎች፤ በመቶው ላይ በአንድ ወገን ጦረኛ፣ በሌላው ወገን በማይክሮስኮፕ የሚመለከት ወጣት ተቀረጸ። ስለ ዘመኑ የሚባለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ሰፌድ ሰፊዋ በኖት ላይ መውጣቷ የሚያስመሰግን ፍርድ ነበር፤ በዚህ አገር እጅ የሠራው ጥበብ የብዙ ሺህ እናቶች ጥበብ ነውና። በኅዳር 1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋ የተባለ የራሷን ገንዘብ ባወጣች ጊዜ ኢትዮጵያም ኖቶቿን ለወጠች። የአንድ ብሩ ኖት ኋላ በሣንቲም ተተካ፤ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የዐሥሩ፣ የአምሳውና የመቶው መልክ ታድሶ፣ ባለ ሁለት መቶ ብሩ ኖት ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ።

ዛሬ ኖት የሚነደፈው በኮምፒውተር ነው፤ የሚያብረቀርቅ ክርና ዐይን የሚያታልል ቀለም ተጨምሮበታል። ነገር ግን በብረት የተቀረጸ መሥመር፣ በጣት የሚዳሰሰውም ጉብታ፣ በዓለም ያሉ መንግሥታት እስካሁን ከማይተዉት መጠበቂያ አንዱ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ መልኩን እንጂ ጉብታውን አይቀዳምና።

ከቀድሞ አታሚዎች መዛግብት የወጡ የሙከራ ኅትመቶችና የተበሱ ናሙናዎች ዛሬ በውጭ አገር ጨረታ እየተሸጡ፣ ከአንዱ ሰብሳቢ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ብሔራዊ ባንካችንና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተባብረው የቻሉትን ያህል እየገዙ፣ ያልቻሉትን ምስላቸውን እያስቀዱ ወደ አገር እንዲመልሱ፣ ሙከራዎቹም ከኖቶቹ ጋር ጎን ለጎን ተደርድረው እንዲታዩ ያስፈልጋል። በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ኅትመት የሚማሩ ወጣቶችም ከእንጨትና ከመዳብ አልፈው ብረትን እንዲሞክሩ ማስተማሪያ ሊዘጋጅላቸው ይገባል። የሚቀጥለው ኖት ሲታሰብ ደግሞ የመጀመሪያው የሙከራ ኅትመት በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ብቻ ጸድቆ አይቅር፤ ወደ ሰቆጣ ገበያ ወርዶ ጨው በሚመዝኑና ማር በሚሸጡ እጆች ይዳሰስ።